ሊቀመንበር የተባለው ካልኩን

አክበረት አውቶቡስ መንዳት አቁማ ጡረታ በወጣች ሰሞን ስዊድን አገር ዩልስታ የሚባል ሰፈር ያለው ቤቷ ጠበባት። ቤቱ ያው ነው፤ ሁለት ክፍልና አንድ በረንዳ። የተለወጠው እሷ ቀኑን ሙሉ ውስጡ መዋሏ ነው። ዕድሜዋን ከተሳፋሪ ጋር ስትጨቃጨቅ የኖረች ሴት ናት። ትኬት ሳይዝ የሚገባውን፣ ጫማውን ወንበር ላይ የሚሰቅለውን፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ ሮጦ ደርሶ መስታወት የሚደበድበውን፣ ሁሉንም በሚገባው ቋንቋ ልክ ልኩን ስትነግረው ኖራ፣ አሁን የቀራት ሬዲዮ ብቻ ሆነ። ሬዲዮ ደግሞ ቢሰድቡት አይመልስም።

ልጇ ናዝሬት ደውላ የጡረተኞች ጂምናስቲክ እንድትመዘገብ መከረቻት። በስዊድንኛ ነው የመከረቻት፤ ናዝሬት ምክር ሲሆን አማርኛዋ ይጠፋባታል። አክበረት አንድ ቀን ሄዳ አየችው። ሴቶቹ ክብ ሠርተው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ያርገበግባሉ። ትንሽ አብራ አርገበገበችና ጃኬቷን አንሥታ ወጣች። እቤት ስትደርስ ለእህቷ ልጅ ለሊሊ፣ «እንዲህ ከሆነ እንቁላልም እንጣል» አለቻት። ሊሊ ከአዲስ አበባ ለትምህርት መጥታ እሷ ዘንድ የምትኖር፣ ሳቋን መያዝ የማትችል ልጅ ናት።

ሌይፍ የደወለው በዚያው ሳምንት ነው። ሌይፍ እንደ እሷው አውቶቡስ ነጂ የነበረ፣ አብሯት ብዙ ዓመት ሠርቶ ከሰላምታ በቀር ብዙ ያልተነፈሰ ስዊድናዊ ነው። ከሶደርተልየ ከተማ ወጣ ብሎ ጫካ ጥግ ከአባቱ የወረሰው ትንሽ እርሻ አለው።

«ልቤን ሊከፍቱት ነው» አላት። «ወፎቼን የሚያይልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ልጆቼ ይፈሯቸዋል።»

«ምን ዓይነት ወፎች ናቸው?»

«ካልኩን።»

ካልኩን እኛ የቱርክ ዶሮ የምንለው ነው። አክበረት በሕይወቷ ያየችው በገና ሰሞን ሱቅ ውስጥ፣ ራሱ ተቆርጦ፣ ፕላስቲክ ለብሶ፣ እንደ ድንጋይ ደርቆ ነው። ትልቅ ዶሮ መሰላት። «ዶሮማ ምን አለው» ብላ እሺ አለች።

ዶሮ አለመሆኑ የገባት የእርሻውን በር ከፍታ ስትገባ ነው። ወገቧ ድረስ የሚደርስ ጥቁር ነገር ጭራውን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ክንፎቹን መሬት ላይ እየጎተተ ወደ እሷ መጣ። ላባው ፀሐይ ሲያገኘው አንዴ መዳብ አንዴ አረንጓዴ ይመስላል። ራሱ መላጣ ነው። ከምንቃሩ በላይ አንድ ቀጭን ሥጋ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፤ አክበረት ባየችው ቁጥር ደግሞ ይረዝማል። ፊቱ መጀመሪያ ቀይ ነበር፤ ቆም ብሎ ሲያያት ወደ ሰማያዊ ዞረ፤ ግንባሩ ነጣ።

«ታሟል እንዴ?» አለች።

«እየተኩራራብሽ ነው» አለ ሌይፍ። «ሲናደድ ይቀላል፣ ሲኮራ ይነጣል፣ ሲደነግጥ ሥጋው ይሰበሰባል። ፊቱ ላይ የማይጽፈው ነገር የለውም። ይሄ ብሮንዝ የሚባለው ዝርያ ነው።»

ያ አፉን የማይከፍት ሰው ካልኩን ሲነሣ አፉ ተከፈተ። ከግቢው ወዲያ ወዲህ የሚሯሯጡት፣ ነጭ ሆነው እያንዳንዱ ላባቸው ጫፉ ላይ ጥቁር ጥለት ያለበት ክሮልቪትሰር ይባላሉ፤ ጀርመን አገር የተገኙ፣ ቀላልና ቀልበ ቢስ ናቸው፤ አጥር አያግዳቸውም። ጡብ የመሰሉት ቀዮቹ፣ ክንፋቸውና ጭራቸው ብቻ ነጭ የሆነው፣ ቡርቦን ናቸው፤ ረጋ ያሉ ናቸው፤ የትም ብታስቀምጪያቸው ይቀመጣሉ። አመድማ ሰማያዊዎቹ ሴቶች ደግሞ እንቁላል ላይ ከተቀመጡ እሳት ቢነሣ የማይነቃነቁ እናቶች ናቸው። እነዚህ ሁሉ ድሮ የነበሩ ዝርያዎች ናቸው፤ ቀስ ብለው ያድጋሉ፣ ይበርራሉ፣ ዛፍ ላይ ያድራሉ፣ ራሳቸው ተጋብተው ራሳቸው ይወልዳሉ።

«ራሳቸው ካልተጋቡ ማን ሊጋባላቸው ነው?» አለች አክበረት።

ሌይፍ እንደ አፈረ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። የሱቁ ነጭ ካልኩን ደረቱ እንዲከብድ ተደርጎ ስለተራባ ሴቷ ላይ መውጣት እንደማይችል፣ ዘሩን ሰው ወስዶ በቀጭን ቱቦ እንደሚያስገባላት ነገራት።

አክበረት ነገሩን በልቧ አዞረችው። «እንደዚያ ከሆነ መታረዱ ግልግል ነው» አለች።

ሌይፍ ሆስፒታል ገባ፤ አክበረት በየማለዳው በባቡር ሶደርተልየ ወርዳ፣ ከጣቢያ በሌይፍ አሮጌ መኪና እርሻው ድረስ መመላለስ ያዘች። የዝርያዎቹ ስም ግን አልያዝ አላት። በተለይ «ክሮልቪትሰር» አፏ ውስጥ እንደ ጠጠር ይንገጫገጫል። ስለዚህ በምታውቀው ስም ጠራቻቸው። የምታውቀው ደግሞ ቤተ ክርስቲያኗን ነው። ጥለት የለበሱትን ነጮች፣ አንድ ላይ ጮኸው አንድ ላይ ስለሚሮጡ፣ መዘምራን አለቻቸው። ቀዮቹ ስብከት ሲረዝም ከኋላ ወንበር ላይ የሚያንቀላፉትን ስለመሰሏት አንቀላፊዎቹ ተባሉ። ሰማያዊዎቹ የሴቶች ማኅበር ሆኑ። ለትልቁ ብሮንዝ ግን ስም ለማውጣት እንኳ አልተቸገረችም። ገና በመጀመሪያው ቀን ደረቱን ነፍቶ ሲመጣ ማን እንደሆነ አውቃዋለች። ሊቀመንበር አለችው።

የሰው ሊቀመንበር አቶ ሞላልኝ ናቸው። የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር ሆነው ሲመረጡ ሲመረጡ የኖሩ፣ ሶደርተልየ የጭነት መኪና ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሮግስቬድ በሚባል ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። እሁድ እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ የሚናገሩት ማስታወቂያ አለ። ማስታወቂያው ከስብከቱ ይረዝማል። ድምፃቸው ያለ ማይክ ጎዳና ያሰማል፤ እሳቸው ግን ማይኩንም ይይዙታል። ከመጀመራቸው በፊት የኮታቸውን ቁልፍ ይቆልፋሉ፣ ደረታቸውን ይነፋሉ፣ ሕዝቡም ልጆቹን ጃኬት ማልበስ ይጀምራል።

ሊሊ ስሙን የሰማች ቀን ከሣር ክምር ላይ ወድቃ ሳቀች። «እትዬ፣ ጋሽ ሞላልኝ ቢሰሙስ?» አለች።

«ማን ይነግራቸዋል?» አለች አክበረት። የነገረቻቸው ራሷ ሊሊ ናት፤ ግን በኋላ ነው።

ዓቢይ ጾም ገብቶ የፋሲካ ነገር ተነሣ። ሰበካ ጉባኤው በፋሲካ ማግስት በአዳራሹ ሁሉም አንድ ላይ ይመገብ ብሎ ወሰነ። የሱቅ ዶሮ ወጥ ውስጥ ገብቶ ሟሙቶ ስለሚጠፋ፣ ሴቶቹ በየዓመቱ አሮጊት ዶሮ ፍለጋ ስዊድንን ያስሳሉ። አክበረት ዘንድ በግ የሚያህል ወፍ አለ የሚል ወሬ ተሰማ። ወዲያው ክርክር ተነሣ፤ ካልኩን ይበላል ወይስ አይበላም? አንዱ ሙሴ አላየውም አለ። ሌላው ሙሴ ያላየውን ስንቱን እየበላን አይደል እንዴ አለ። ቄሱ ግራ ቀኙን ሰምተው ሲያበቁ፣ «አሞራ አይደለም፣ ጉጉት አይደለም፣ እህል ይለቅማል። ብሉት» አሉ። «ግን ጾሙ ሳይፈታ እንዲህ አታውሩለት።»

አክበረት ስልክ ደውላ ሌይፍን ጠየቀችው። ቀዶ ጥገናው ገና አልደረሰለትም። «ከአምና ጫጩቶች ውስጥ ወንዶቹ ለመብል ናቸው» አላት። «ማንም ካልበላቸው ማንም አያረባቸውም። ዝርያው የሚጠፋው እንደዚያ ነው። ትልቁን ብሮንዝ ግን አትንኪብኝ።»

አንድ ቅዳሜ አቶ ሞላልኝ ወፎቹን ለመምረጥ መጡ። ረጅም ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል፤ ጫማቸው ያብረቀርቃል። ጭቃውን እየዘለሉ መጥተው ግቢው መሐል ቆሙና ቁልፋቸውን ቆለፉ።

«በመጀመሪያ» አሉ፣ «ስለተደረገልን አቀባበል በሰበካ ጉባኤው ስም...»

«ጉሉጉሉጉሉጉሉ!» አለ ብሮንዙ።

ወንድ ካልኩን በጸደይ ወራት ከፍ ያለ ድምፅ ከሰማ ዝም አይልም። የመኪና በር ቢዘጋ ይመልሳል፣ ነጎድጓድ ቢያጓራ ይመልሳል። ሴቷ የምትመርጠው ድምፁ የበለጠውን ስለሚመስለው በዓለም ላይ የተሰማው ድምፅ ሁሉ ለእሱ ፉክክር ነው። የአክበረትን ቀጭን ድምፅ ግን ንቆታል፤ መልስ ሰጥቷት አያውቅም። የአቶ ሞላልኝ ዓይነት ድምፅ ያገኘው ያን ቀን ነው።

አቶ ሞላልኝ ቆም ብለው አዩት። «...በሰበካ ጉባኤው ስም ምስጋናዬን...»

«ጉሉጉሉጉሉ!»

«ላቀርብ እወዳለሁ!» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ወፉ ጭራውን ዘርግቶ አንድ እርምጃ ቀረባቸው። እሳቸው ወደ ኋላ አላሉም። ሰውዬውና ወፉ ደረት ለደረት ተፋጠጡ። እሳቸው ስለ ምግቡ ዝግጅት አንድ ዓረፍተ ነገር ይላሉ፤ እሱ ይጨርስላቸዋል። እሳቸው ፊታቸው ቀላ፤ የሱ ነጣ። አክበረት የምግብ ባልዲ ውስጥ አንገቷን ደፍታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ነው ሊሊ ከጎተራው ብቅ ብላ፣ ሰው መኖሩን ሳታይ፣ «እትዬ፣ ሊቀመንበር ዛሬ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሚለፈልፈው?» ያለችው።

ወፉ እንኳ ዝም አለ።

«ሊቀመንበር ያልሽው» አሉ አቶ ሞላልኝ ቀስ ብለው፣ «ይሄንን ነው?»

አክበረት ባልዲውን አስቀመጠች። ውሸት በአውቶቡስ መንጃ ወንበር ላይ ስትሰማው የኖረች ሴት ስለሆነች ራሷ መዋሸት አትችልበትም።

«እኔ ነኝ ያወጣሁለት፣ አቶ ሞላልኝ።»

«በምን ምክንያት?»

«ደረታችሁን ስትነፉ ትመሳሰላላችሁ።»

አቶ ሞላልኝ ወፉን አዩ። ወፉ አያቸው። ከዚያ ካፖርታቸውን ሰብስበው፣ ጭቃውን ሳይዘሉ በመሐሉ ረግጠው ወጡ።

በማግስቱ እሁድ ማስታወቂያው አጠረ። ሰው በእግዚአብሔር አምሳል መፈጠሩን፣ ይህንንም አንዳንድ ሰዎች እንደሚዘነጉት ብቻ ተናግረው ወረዱ። ልጆቹ ጃኬት ሳይለብሱ አለቀ። አክበረት መንገድ ላይ ለሊሊ ስታወራ ሳቀች። ሊሊ ግን አልሳቀችም።

«እትዬ፣ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ከሰው ጋር የሚያወሩት እሁድ ብቻ ነው አሉ» አለቻት። «በሳምንቱ ማንም አይደውልላቸውም።»

አክበረት ዩልስታ እስኪደርሱ በባቡሩ መስኮት ውጭ ውጭውን አየች። ሬዲዮዋ ትዝ አላት፤ አልተመቻትም።

የሌይፍ ልብ ተከፍቶ የተሰፋ ዕለት፣ እርሻው ላይ ንስር መጣ። በቅርብ ካለው ባሕር በኩል ክንፉን ሳያንቀሳቅስ ነው የመጣው፤ ጥላው ግቢው ላይ አለፈ። መዘምራን ጮኸው ጎተራ ገቡ። አንቀላፊዎቹ ነቅተው ከጋሪ ሥር ተሸጎጡ። የሴቶች ማኅበር እንቁላሉ ላይ ጠፍጣፋ ሆነ። ሊቀመንበር ግን ሮጠ፣ ሮጠ፣ ከዚያ ያ ሁሉ ደረት እንደ አውሮፕላን ከመሬት ተነሣና አጥሩን ተሻግሮ ጫካ ገባ። አክበረት አፏን ከፍታ ቀረች። ሌይፍ ይበርራሉ ሲል ያጋነነ መስሏት ነበር።

ከሊሊ ጋር ጫካውን ዞሩት። የመኪናውን ጥሩምባ ነፉ፣ ድስት ደበደቡ፣ ተጣሩ። መልስ የለም። ሆስፒታል ለተኛ ሰው፣ ገና የልቡ ስፌት ሳይደርቅ፣ ወፍህ ጠፋ አይባልም። አክበረት ጉቶ ላይ ተቀመጠች። ብዙ አሰበችና ስልኳን አወጣች።

«አቶ ሞላልኝ፣ አክበረት ነኝ።»

«ሰማሁ።»

«ወፉ ጠፍቶብኛል። ትልቁ።»

«ታዲያ እኔን?»

«በዓለም ላይ የሚመልሰው ለእርስዎ ድምፅ ብቻ ነው» አለች። «የሰው ወፍ ነው። ሰውዬው ዛሬ ነው ቀዶ ጥገና የተደረገለት።»

«ምን እንድል ነው የሚፈልጉት?» አሉ።

«የፈለጉትን። የእሁዱን ይበሉለት።»

ከሰዓት በኋላ መጡ፤ የጎማ ቦት ጫማ አድርገዋል። ለአክበረት እጃቸውን በወጉ ዘረጉላት እንጂ ስለ ስሙ ጉዳይ አላነሡም። ጫካው ውስጥ ገብተው ቆሙና ቁልፋቸውን ሊቆልፉ ሲሉ ማንም እንደሌለ አዩ። ጥድ ብቻ ነው። ድምፃቸው መጀመሪያ አልወጣም።

«ክቡራንና ክቡራት ምእመናን» አሉ ለጥዶቹ። ከዚያ እየጠነከሩ ሄዱ። መኪና የጎረቤት መውጫ ላይ ማቆም ክልክል መሆኑን አሳሰቡ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ከቁርባን በፊት ብስኩት እንዳይበሉ አስጠነቀቁ። ውሻ የምታንሸራሽር አንዲት ስዊድናዊት በመንገዱ ስታልፍ ቆመች፤ ሊሊ ምንም እንዳልሆነ ሰው እጇን አውለበለበችላት፤ ሴትዮዋም ውሻዋን ይዛ ፈጠን ብላ ሄደች። መልስ የለም። ወደ ውስጥ ገቡ። ማስታወቂያው አለቀ።

«አለቀብኝ» አሉ አቶ ሞላልኝ።

«ሌላ ይበሉ።»

«ሌላ ምን አለኝ?» አሉ። ከዚያ ወደ ጥዶቹ ዞረው፣ ባለቤታቸው ብርቅአየሁ ዶሮ እንደማትወድ፣ ማስታወቂያህ ይረዝማል እያለች እሁድ ማታ እግራቸውን እያጠበች ትቆጣቸው እንደነበር፣ አሁን ማንም አሳጥር የሚላቸው ስለጠፋ እንደሚረዝም፣ ያንኑ ትልቅ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ ተናገሩ። አክበረት መሬት መሬቱን አየች።

«አሳጥር በይኝ እንጂ!» አሉ ጮኸው።

«ጉሉጉሉጉሉጉሉ!»

ከፊታቸው ካለው ረጅም ጥድ ጫፍ ላይ ነው። ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቋል፤ ጭራው ተበታትኗል፤ ያ የሚንጠለጠለው ሥጋ ተሰብስቦ ቁንጣሪ ሆኗል። አቶ ሞላልኝ ባርኔጣቸውን አነሡለት።

አልወርድም አለ። አባበሉት፣ ሰደቡት፣ አቶ ሞላልኝ በሊቀመንበርነታቸው አዘዙት። በመጨረሻ ሊሊ ሮጣ እንቁላል ላይ ካልተቀመጡት ሰማያዊዎች አንዷን በሣጥን አመጣች። ሴቷ ሣጥን ውስጥ ሆና በተሰላቸ ድምፅ ሁለት ሦስቴ ተጣራች። እሱ ወዲያው ወረደ፤ መውረድ ሳይሆን ወደቀ ማለት ይሻላል፤ ያረፈውም አቶ ሞላልኝ ላይ ነው። ካፖርታቸውን አውልቀው ጠቀለሉትና ታቅፈውት ተመለሱ። መንገድ ላይ ካፖርቱን አበላሸባቸው። ሳይለቁት ሄዱ።

ግቢው ሲደርሱ አወረዱትና፣ «ይሄ አይታረድም» አሉ።

«ቀድሞም አይታረድም» አለች አክበረት። «ስሙን ልቀይረው?»

አሰቡበት። «ለምን?» አሉ። «ተመርጧል።»

ለፋሲካ ከአምናዎቹ ቀዮች ጥቂት ወንዶች ታረዱ። በአገሩ ሕግ መሠረት አስቀድሞ ማደንዘዝ ግዴታ ስለሆነ የሌይፍ ጎረቤት መጥቶ አደነዘዘ፤ አቶ ሞላልኝ በስመ አብ ብለው ባረኩ። አክበረት አላለቀሰችም፤ ላባቸውን ስትነጭ እንኳ ሰደበቻቸው፣ አይነቀልም ብሏታልና። ወጡ ግን ሌላ ጉድ ሆነ። ሴቶቹ እንደ ዶሮ ነው የሠሩት። ሜዳ ላይ ሲሮጥ፣ ሲበርር፣ ዛፍ ላይ ሲያድር የኖረ ወፍ እግሩ ጅማት ብቻ ነው፤ ቀስ ብሎ ረጅም ሰዓት መቀቀል ነበረበት። አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ አንገቱን አዘንብሎ ይጎትታል። አንድ ሽማግሌ ጥርሳቸውን በሶፍት ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። አቶ ሞላልኝ ተነሥተው ስለ ሥጋው ጣዕም ሊናገሩ ሞከሩ፤ ጉርሻው አልዋጥ ስላላቸው ንግግሩ በታሪካቸው አጭሩ ሆነ። መረቁን ግን ሰው ሁሉ በእንጀራ ጠርጎ በላው።

ሌይፍ ከሆስፒታል ሲወጣ ከስቶ፣ ባልዲ ማንሣት ተከልክሎ ነበር። ልጆቹ እርሻውን እንሽጠው አሉት። እሱ መልስ ሳይሰጥ አክበረትን አያት። አክበረትም እኔን ምን ታየኛለህ አለችው፤ በሚቀጥለው ቀን ግን መጣች፣ ከዚያ በኋላም። ቁም ሣጥኗን ስታመጣ ልጆቹ ስለ መሸጥ ማውራት ተዉ።

የሴቶች ማኅበር በግንቦት መጨረሻ ፈለፈለ። የካልኩን ጫጩት ሲወለድ መብላት አያውቅም። እህሉ ላይ ቆሞ በረሃብ ሊሞት ይችላል። አክበረት ጉልበቷ እየተንቋቋ መሬት ተቀምጣ፣ ቀይ በተቀባ ጥፍሯ ምግቡን ቀጭ ቀጭ እያደረገች ታሳያቸዋለች። «ይሄ ምግብ ይባላል። ይሄ አፍ ይባላል። ሁለቱን አገናኙ፣ እናንተ ደነዞች።» አቶ ሞላልኝ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ በረንዳው ላይ ከሌይፍ ጎን ይቀመጣሉ። እሳቸው በአማርኛ ያወራሉ፤ ሌይፍ አንድም ቃል አይገባውም። መልስ ስለማይጠበቅበት ደስ ይለዋል። ቡና ይቀዳላቸዋል፤ እሳቸው ይቀጥላሉ።

መስከረም ላይ ጫጩቶቹ ጎረመሱ። አንድ ቀን ሊመሽ ሲል ዝናብ ጀመረ፤ አክበረት ወደ ጎተራ ልታስገባቸው መጥረጊያ ይዛ ወጣች። ከቤቱ ጀርባ ያለው የፖም ዛፍ ላይ ነበሩ። ሁሉም። ላባቸውን ነፍተው፣ አንገታቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረው፣ ዝናቡን ችለው ተኮልኩለዋል። በአማርኛ ለመነቻቸው። በስዊድንኛ ዛተችባቸው። አንዱ አንድ ዓይኑን ገልጦ አያትና መልሶ ጨፈነው።

«በሉ እንዳሻችሁ» አለች። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ፀጉሯ ሳይበሰብስ ወደ ቤት ገባች።